አጌት፣ ኦፓልና ባልጩት፦ ድንጋይ መሰብሰብ፣ መለየትና መቁረጥ ለሚወዱ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ድንጋይን ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ ለሚሰበስቡ፣ ያገኙትን ለይተው ለማወቅ ለሚጓጉና በገዛ እጃቸው ቆርጠው ማስዋብ ለሚፈልጉ ጀማሪዎች ነው። ትኩረታቸው በሲሊካ (ሲሊኮንና ኦክስጅን የተዋሐዱበት ንጥረ ነገር) ቤተሰብ ላይ ነው፤ አጌት፣ ኦፓልና ባልጩት መሠረታዊ ንጥረ ነገራቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸውና አያያዛቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች ጥሩ ድንጋይ የሚያበላሹትም አንዱን በሌላው ልማድ ሲይዙት ነው።

በየትኛው ድንጋይ ብጀምር ይሻላል?

በአጌትና በቅርብ ዘመዶቹ ቢጀምሩ ይመረጣል። ኳርትዝ፣ ማለትም ክሪስታል የሠራ ሲሊካ፣ በዓይን በማይታዩ ደቃቅ ክሪስታሎች ተጠላልፎ ሲገኝ ካልሰዶኒ ይባላል፤ ካልሰዶኒው ተከታታይ መስመሮች ካሉት አጌት፣ ብርሃን እያሳለፈ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ካርኔሊያን፣ ብዙ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎት ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ደግሞ ኢያስጲድ ይባላል። በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ በቀለበት ላይ የሚታወቀው የየመን አቂቅም ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ድንጋዮች ጠንካሮች ናቸው፤ ውኃ፣ ሳሙናና ሎሚ አይጎዷቸውም፣ በውኃ እየቀዘቀዙ እስከተቆረጡ ድረስም በቀላሉ አይሰነጠቁም። በዚያ ላይ ዋጋቸው ዝቅተኛ ስለሆነ እጅን ለማፍታታት የሚመቹት እነሱ ናቸው። ኦፓል ምንም ያህል ቢያምር ለመጀመሪያ ልምምድ አይመከርም፤ ምክንያቱ ወደ መጨረሻው አካባቢ ተዘርዝሯል።

አጌት እንዴት ይፈጠራል? መስመሮቹስ ከየት ይመጣሉ?

ነገሩ የሚጀምረው ከእሳተ ገሞራ ነው። ቅልጥ አለት ወደ ምድር ገጽ ወጥቶ ሲፈስ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ለመውጣት ይታገላል፤ አለቱ ቀድሞ ከረጋበት ግን እንደ እንጀራ ዓይን ያሉ ክፍተቶች በድንጋዩ ውስጥ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ በጣም ረጅም በሆነ ጊዜ ውስጥ በአለቱ ስንጥቆች የሚዘዋወረው ውኃ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከራሱ ከአለቱ ያሟሟውን ሲሊካ እየያዘ ወደነዚህ ክፍተቶች ይገባል፤ ሲሊካውም ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ መሃል እየተደረበ ይሄዳል። የአጌት መስመሮች የክፍተቱን ቅርጽ ተከትለው የሚዞሩት በዚህ ምክንያት ነው። መሃሉ ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ከቀረ ውስጡ በሚያብረቀርቁ የኳርትዝ ክሪስታሎች ይሸፈናል ወይም ባዶውን ይቀራል።

ቀዩ፣ ቢጫውና ቡናማው ቀለም በአብዛኛው የብረት ዝገት ሥራ ነው። በአንዳንድ አጌት ውስጥ የሚታየው ቅጠል ወይም ጥቁር ዛፍ የሚመስለው ምስልም ምንም ዓይነት ተክል ሳይሆን የብረትና የማንጋኒዝ ውሕድ በስንጥቅ ውስጥ እየተሰራጨ የሣለው ነው። መስመሮቹ እንዲህ ተስተካክለው የሚደረደሩበትን ሂደት በተመለከተ ግን የሥነ ምድር ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ገሚሱ ውኃው በየጊዜው እየገባ ንብርብሩን እንደሠራ ሲያስረዳ፣ ገሚሱ ደግሞ አንድ ጊዜ የገባው ሲሊካ በራሱ ውስጥ እየተደራጀ መስመር እንዳበጀ ይከራከራል። ይህን ያህል የታወቀና በእጅ የሚያዝ ነገር እንቆቅልሹ አለመፈታቱ ለእኔ የዚህ ሙያ ትልቁ መስህብ ነው።

በኢትዮጵያ እነዚህ ድንጋዮች የት ይገኛሉ?

የሰሜን ምዕራቡ ደጋ አብዛኛው ክፍል ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተደራርቦ በፈሰሰ ባዛልት፣ ማለትም ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት፣ የተሸፈነ ነው። በዚህ ባዛልት ውስጥ በጋዝ የተቦረቦሩ ንብርብሮች ብዙ ናቸው፤ ክፍተቶቹ ካልሳይት፣ ዚዮላይት የሚባሉ ነጫጭ ማዕድናትና ካልሰዶኒ ሞልቷቸዋል። ባዛልቱ በአየርና በዝናብ ሲበሰብስ ጠንካራው ካልሰዶኒ እየተፈለቀቀ ይወጣና ወንዝ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውኃው የጎደለ የወንዝ ዳር፣ አዲስ የተቆረጠ የመንገድ ዳርና ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ዓይን የሚያርፍባቸው ቦታዎች ናቸው።

ኦፓል የራሱ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን ሸዋ መንዝ አካባቢ የመዘዞ ኦፓል ለዓለም ገበያ ታወቀ፤ በክብ ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ የሆነና የመሰንጠቅ ጠባይ ያለው ኦፓል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በደቡብ ወሎ ደላንታ ወረዳ በወገልጤና አቅራቢያ የተገኘው ኦፓል የአገሪቱን ስም በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ላይ አስጠራ። የወገልጤናው ኦፓል የሚገኘው በገደል ወገብ ላይ በሚታይ ስስ የእሳተ ገሞራ ንብርብር ውስጥ ሲሆን፣ ወጣቶች ንብርብሩን ተከትለው ወደ ተራራው ሆድ ዋሻ እየቆፈሩ ያወጡታል። ዋሻ ተደርምሶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ድንጋይ ወዳድ ሆኖ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከላይ ካለው ገበያ ይግዛ እንጂ ወደ ዋሻው እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ።

ባልጩት የስምጥ ሸለቆና የዙሪያው እሳተ ገሞራዎች ልጅ ነው። በፍጥነት ቀዝቅዞ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ያላገኘ ቅልጥ አለት ስለሆነ በተፈጥሮው መስታወት ነው።

ያገኘሁትን ድንጋይ አንሥቼ መውሰድ ይፈቀድልኛል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል፤ ማዕድን አውጥቶ መሸጥም ፈቃድ ይጠይቃል። ከመሬት ላይ አንድ ሁለት ጠጠር ለማንሣትም ቢሆን የእርሻው ባለይዞታ ሊጠየቅ፣ የአካባቢው ሽማግሌና ቀበሌ ሊያውቁት ይገባል። በገጠር መሬት ላይ መዶሻ ይዞ የሚዞር እንግዳ ወርቅ ፈላጊ ተደርጎ ይታያልና አስቀድሞ ቀርቦ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የመጡበትን ጉዳይ ማስረዳት ከሁሉ ይቀድማል። በብሔራዊ ፓርክ፣ በቤተ ክርስቲያንና በገዳም ይዞታ፣ በመካነ መቃብርም ምንም ነገር አይነሣም። የከበረ ድንጋይን ከአገር ይዞ ለመውጣት ያሰበ ሰው ከጉዞው በፊት የማዕድን ሚኒስቴርን ወይም የክልሉን የማዕድን ቢሮ ጠይቆ ተገቢውን ሰነድ መያዝ አለበት፤ በአየር ማረፊያ ላይ የሚጀመር ማስረዳት መጨረሻው አያምርም።

የተጠረበ የሚመስል ባልጩት ባገኝስ?

ባለበት ይተዉት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙት መልካ ቁንጥሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጥንት ሰዎች ባልጩትንና ሌሎች ድንጋዮችን እየጠረቡ መሣሪያ የሠሩባቸው ቦታዎች በመሆናቸው ነው። አንድ የተጠረበ ድንጋይ ለአጥኚዎች የሚናገረው ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣና ከጎኑ ምን እንደነበረ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ ከተነሣ በኋላ ማንም ያንን ሊመልሰው አይችልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥላል።

ተጠርቧል ወይስ በተፈጥሮ ተሰብሯል የሚለውን ለመለየት ጠርዙን ይመልከቱ። ወንዝ ያጋጨው ድንጋይ ስብራቱ በየአቅጣጫው የተበታተነ ነው፤ ሰው የጠረበው ግን በአንድ ጠርዝ ላይ ተከታትለው የተደረደሩ፣ ተቀራራቢ መጠን ያላቸው ትናንሽ የስብራት ጉድጓዶች ይታዩበታል። ይህ ሙያ ሙሉ በሙሉ ያለፈ ታሪክ አይደለም፤ በኮንሶ ቆዳ ፋቂ ሴቶች ኳርትዝና ካልሰዶኒን የመሳሰሉ ድንጋዮችን ጠርበው በእንጨት እጀታ ላይ በማጣበቅ ቆዳ ሲፍቁበት ኖረዋል። ስለ ካልሰዶኒ አሰባበር ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የምኖረው በአሜሪካ ሚኔሶታ ነው፤ እዚህ መሰብሰብ እችላለሁ?

ከሚኔሶታ የተሻለ የጀማሪ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሱፒሪየር ሐይቅ አጌት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የግዛቲቱ መለያ የከበረ ድንጋይ ነው። አፈጣጠሩ ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ከ1.1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን አሜሪካ ምድር እንደ እኛው ስምጥ ሸለቆ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር፤ ስንጥቁ ሳይዘልቅ ቆመ፤ ከውስጡ የፈሰሰው ባዛልት ግን አጌቱን በክፍተቶቹ ይዞ ቀረ። ኋላም የበረዶ ዘመን ግግር በረዶ አለቱን እየፋቀ አጌቱን ወደ ደቡብ በትኖታል። ስለዚህ በጠጠር ማውጫዎችና በወንዝ ዳር ይገኛል፤ ቀይ ቀለሙም የብረት ነው።

በግዛቲቱ ፓርኮችና በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ መሰብሰብ የተከለከለ ነው፤ በግል የጠጠር ማውጫ ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደ ምዕራባውያን ግዛቶች የሚጓዙ ሰዎች በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ባለ መሬት ላይ ለግል ጥቅም የሚሆን መጠነኛ ድንጋይ ማንሣት ይፈቀድላቸዋል፤ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ግን በቀን 25 ፓውንድና አንድ ፍሬ፣ በዓመት 250 ፓውንድ ብቻ የሚል ወሰን አለው፤ መሸጥም አይፈቀድም።

ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ድንጋይን እንዴት መለየት ይቻላል?

በመጀመሪያ ድንጋዩ በብሩሽ ታጥቦ ይድረቅ፤ የረጠበ ድንጋይ ሁሉ የተወለወለ ስለሚመስል ዓይንን ያታልላል። ቀጥሎ ያልበሰበሰ ገጽ ይፈለግ። የአጌት እንክብል ውጫዊ ቆዳው ሸካራና የተጎዳጎደ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ሽፋን ያለው ስለሆነ ከተራ ጠጠር አይለይም፤ ነገር ግን አንድ ጥጉ ተሰብሮ ከሆነ የሰም ወዝ ያለው ለስላሳ ስብራት ይታያል። ያንን ጥግ ወደ ፀሐይ ወይም ወደ ስልክዎ መብራት ያስጠጉት፤ ስሱ ጠርዝ ብርሃን ካሳለፈ ካልሰዶኒ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

ከዚያ የጥንካሬ ፈተናው ይከተላል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባዘጋጀው ከ1 እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ መሠረት ጥፍር 2.5፣ ካልሳይት 3፣ መስታወትና የተለመደ ቢላዋ 5.5 አካባቢ፣ ኳርትዝ 7፣ አልማዝ 10 ናቸው። ካልሰዶኒ 6.5 እስከ 7 ስለሆነ መስታወትን ይጭራል፣ ቢላዋ ግን አይጭረውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ቢላዋው በጠንካራ ድንጋይ ላይ ሲሄድ የራሱን ብረት ስለሚተው ግራጫ መስመር ይታያል፤ መስመሩም ጭረት ይመስላል። በእርጥብ ጣት ሲያሹት ከጠፋ የቢላዋው ብረት ነው፤ ጥፍር የሚይዝበት ጎድጓዳ ሆኖ ከቀረ ግን ድንጋዩ ተጭሯል ማለት ነው።

በባዛልት ክፍተት ውስጥ የተገኘ ነጭ ነገር በቢላዋ ከተጫረ ወይ ካልሳይት ወይ ዚዮላይት ነው። የተጫረው ዱቄት ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ ካልሳይት መሆኑ ይታወቃል።

የመጨረሻው ፈተና የእፍጋት ነው፤ የሚያስፈልገውም በግራም የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን ብቻ ነው። ድንጋዩን በደረቁ ይመዝኑ። ቀጥሎ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ድንጋዩን በክር አንጠልጥለው ታችና ጎኑን ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያስገቡት። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ድንጋዩ የያዘው ቦታ ነው፤ ደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር ሲያካፍሉት እፍጋቱ ይገኛል። ለምሳሌ በደረቁ 52 ግራም የሚመዝን ድንጋይ ውኃው ውስጥ 20 ካሳየ እፍጋቱ 2.6 ነው፤ ይህም ከካልሰዶኒ ጋር ይስማማል። ባልጩት ወደ 2.4 አካባቢ፣ ኦፓል ደግሞ 2 ወይም ከዚያ በታች ነው። የወሎ ኦፓል ውኃ ስለሚጠጣ በዚህ ዘዴ ባይፈተን ይሻላል።

ባልጩትን ከጠርሙስ ስባሪ እንዴት እለየዋለሁ?

ስሱን ጠርዝ በብርሃን ይመልከቱ፤ ባልጩት ግራጫ ወይም ቡናማ ጥላ ሲኖረው የጠርሙስ ስባሪ ጥርት ያለ አረንጓዴ ወይም የቢራ ጠርሙስ ቀለም ያሳያል። በማጉያ መነጽር ክብ የአየር አረፋዎች ከታዩና ስባሪው አንድ ወጥ ውፍረትና ጉብጠት ካለው የሰው ሥራ ነው። ሁለቱም ከምላጭ የማይተናነስ ስለት ስላላቸው በጓንት ይያዙ።

በገበያ ላይ ያሉት ደማቅ ሰማያዊና ሐምራዊ አጌቶች የተፈጥሮ ናቸው?

አብዛኞቹ ቀለም የተነከሩ ናቸው። በካልሰዶኒ ደቃቅ ክሮች መካከል ረቂቅ ቀዳዳዎች ስላሉ ቀለም ይገባበታል። ይህን ጥበብ ለከፍተኛ ደረጃ ያበቃችው ለዘመናት በአጌት ሥራ የኖረችው የጀርመን ከተማ ኢዳር ኦበርሽታይን ናት፤ የአካባቢዋ አጌት እየተመናመነ ሲሄድ እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው ግራጫ አጌት ተተካ፤ ግራጫውም ቀለም ለመጠጣት እጅግ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ጥቁሩ ኦኒክስ የሚባለው ካልሰዶኒ የሚሠራው ድንጋዩን በስኳር ወይም በማር ውኃ ዘፍዝፎ ቀጥሎ በሰልፈሪክ አሲድ ስኳሩን ውስጥ ለውስጥ በማክሰል ነው። አሲዱ እጅግ አደገኛ ስለሆነ ቤት ውስጥ መሞከር የለበትም።

መንከር በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ሳይናገሩ መሸጥ ነው ማጭበርበሩ። ቀለሙ በስንጥቆች ዙሪያ ከጠቆረ፣ አንዱ መስመር ጠጥቶ ጎረቤቱ ፈጽሞ ካልነካው፣ ወይም በአልኮል የራሰ ጥጥ ሲነካው ከለቀቀ ተነክሯል።

ለእያንዳንዱ ድንጋይ መዝገብ መያዝ ያን ያህል ያስፈልጋል?

እጅግ ያስፈልጋል፤ ሰብሳቢን ከአጠራቃሚ የሚለየው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ድንጋዩ ላይ በማይታይ ጥግ በነጭ ቀለም ትንሽ ነጥብ ይቀቡና በላዩ ቁጥር ይጻፉ፤ በደብተር ላይ ደግሞ ከቁጥሩ አንጻር የተገኘበትን ወረዳና ቀበሌ፣ የወንዙን ወይም የተራራውን ስም፣ ቀኑን፣ ከአለት ውስጥ ወጥቶ ወይስ ፈልሶ እንደተገኘና የሰጠዎትን ሰው ጭምር ያስፍሩ። በስልክ የሚታየውን የቦታ መጠቆሚያ ቁጥርም ይጨምሩበት። ድንጋዩ ሲቆረጥ ቁጥሩ አብሮ ስለሚጠፋ ከመቁረጥዎ በፊት ፎቶ አንሥተው ቁራጮቹን ሁሉ በዚያው ቁጥር ይሰይሙ።

ለመቁረጥ የግድ ልዩ ማሽን መግዛት አለብኝ?

የለብዎትም። ለድንጋይ ሥራ ተብለው የሚሠሩት መጋዞች ውድ ናቸው፤ ሴራሚክ ለመቁረጥ የሚያገለግለው፣ ከሥሩ የውኃ ገንዳ ያለው ትንሽ የጠረጴዛ ማሽን ግን እስከ ጡጫ የሚያክል ድንጋይ በሚገባ ይቆርጣል። ዲስኩ ጠርዙ ያልተከፋፈለ፣ ዙሪያውን አንድ ወጥ የሆነ የአልማዝ ዲስክ ይሁን፤ ጥርስ ያለው የግንባታ ዲስክ አጌትን ይፈረካክሰዋል። የእጅ ግራይንደር በደረቁ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ድንጋዩ ያመልጣል፣ ዲስኩ ይግላል፣ አቧራውም ሳንባ ውስጥ ይገባል። ውኃና የኤሌክትሪክ ኃይል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚገናኙ ደግሞ መስመሩ ፍሳሽ ሲኖር ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ ሊኖረው፣ መሬት የሚገባው ሽቦም በትክክል ሊገናኝ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን ቁርጥ በየት በኩል ላድርግ?

ለዚህ ጥያቄ ጊዜ ይስጡት፤ ማሽኑ በደቂቃዎች የሚያደርገውን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ድንጋዩን ውኃ ነክረው በጠንካራ መብራት ፊት ያሽከርክሩት፤ የመስመሮቹን አካሄድ፣ ስንጥቆቹንና የተሰበረውን ጥግ ያጥኑ፤ ቁርጡ የሚያርፍበትንም በእርሳስ ያስምሩ። ቁርጡ መስመሮቹን በቀጥታ ሲያቋርጥ ቀጫጭንና ጥርት ያሉ ሆነው ይወጣሉ፤ በሰያፍ ሲያገኛቸው ይሰፋሉ፣ ይደበዝዛሉም። ብዙውን ጊዜ እንክብሉን በረጅሙ በኩል ከመሃል ከፍሎ ሁለቱን ገጽ ማየት ጥሩ ነው። ትልቅ ስንጥቅ ካለ ግን ቁርጡ ስንጥቁን ይከተል፤ አለበለዚያ ሥራው ካለቀ በኋላ ለሁለት ይከፈልብዎታል።

ድንጋዩ በዲስኩ ፊት እንዳይንከባለል በእንጨት ላይ ተጣብቆ ወይም በመያዣ ታስሮ መግባት አለበት። ሲገፉ የማሽኑ ድምፅ ይምራዎት፤ ዲስኩ ሥራውን እየሠራ ከሆነ ድምፁ አንድ ወጥ ነው፤ ወፍሮ ማቃሰት ከጀመረ ግፊቱ በዝቷል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግፊቱን ይበልጥ ይቀንሱ፤ አለበለዚያ ቁራጩ ራሱ ተገንጥሎ ጠርዙ ላይ ስንጣሪ ይተዋል።

ከተቆረጠ በኋላ መስታወት እስኪመስል የሚወለወለው እንዴት ነው?

በደረጃ ነው፤ ደረጃም አይዘለልም። የመሞረጃው ቁጥር ሲጨምር ቅንጣቱ ይበልጥ ይደቃል። ገጹ በ80 ወይም በ100 ቁጥር የአልማዝ መሞረጃ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በ220፣ በ600፣ በ1200ና በ3000 ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል የመወልወያ ዱቄት በተቀባ እርጥብ ቆዳ ወይም ወፍራም ሱፍ ይወለወላል። ማሽን የሌለው ሰው የውኃ የብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግቶ በእጁ ሊሠራው ይችላል፤ ባልጩት ለስላሳ ስለሆነ በዚህ መንገድ ያምራል፤ አጌት ግን ብዙ ሰዓት ይፈልጋል።

ምሥጢሩ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ድንጋዩን አጥበው፣ አድርቀው በመብራት ሥር አዘንብለው በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ከቀደመው ደረጃ የቀረ አንድ ጥልቅ ጭረት እንኳ ካለ ወደፊት አይለፉ፤ 3000 ቁጥር 80 ቁጥር የተወውን ጭረት ማጥፋት አይችልም፤ ይልቁንም ዙሪያውን እያብረቀረቀ ጭረቱን ያጎላዋል። ድንጋዩንና እጅን በደረጃዎቹ መካከል በደንብ መታጠብም ያስፈልጋል፤ አንዲት የሸካራ ደረጃ ቅንጣት ቀጣዩን ሥራ ሁሉ ታበላሻለች።

በሚሽከረከር በርሜል ማለስለስስ?

ለትናንሽ ጠጠሮችና ልጆች ለሚሳተፉበት ሥራ ተስማሚ ነው። በርሜሉ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተቀራራቢ ጥንካሬ ባላቸው ድንጋዮች ይሞላል፤ ሲሊከን ካርባይድ የሚባል ጠንካራ የመሞረጃ ዱቄትና ውኃ ይጨመርበትና ሸካራው፣ መካከለኛው፣ ደቃቁና መወልወያው እያንዳንዳቸው አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃሉ። አጌትንና ባልጩትን በአንድ በርሜል አይቀላቅሉ፤ አጌቱ ባልጩቱን ይፈጨዋል። ዝቃጩ በቧንቧ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር ወደ መታጠቢያ ገንዳ መደፋት የለበትም።

የድንጋይ አቧራ በእርግጥ ያን ያህል ጎጂ ነው?

አዎ፤ እዚህ ላይ ለማለሳለስ ፈቃደኛ አይደለሁም። አጌትም ሆነ ኳርትዝ ሲቆረጥ የሚወጣው እጅግ የደቀቀ የሲሊካ ብናኝ በዓይን ሳይታይ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ ሳንባውም ጠባሳ እየሠራ ይደርቃል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። በኢዳር ኦበርሽታይን በውኃ ኃይል በሚዞሩ የአሸዋ ድንጋይ መንኮራኩሮች ፊት በደረታቸው ተኝተው አጌት የሚሞርዱ ሠራተኞች በሳንባ በሽታ ይረግፉ ነበር፤ በሕንድ ጉጃራት ግዛት በካምባት የአጌት ሠራተኞችም ዘንድ ይኸው በሽታ በሐኪሞች ተመዝግቧል።

ስለዚህ መቁረጥም ሆነ መሞረድ ሁልጊዜ በውኃ ይሁን። ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ማስክ ይልበሱ፤ ነጠላ ወይም መሐረብ ማሰር ምንም አይከላከልም። ጠረጴዛውና ወለሉ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳ እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግ። የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ተለይቶ ይታጠብ፤ ሥራውም ሰው ከሚተኛበት ክፍል ውጭ ይሠራ።

የወሎን ኦፓል እንደ አጌት ልቆርጠው እችላለሁ?

አይችሉም። አጌት ውኃ አልባ ጠንካራ ኳርትዝ ሲሆን ኦፓል በውስጡ ውኃ የያዘ ሲሊካ ነው፤ ጥንካሬው 5.5 እስከ 6.5 ብቻ ነው፣ ድንገተኛ ሙቀትም ይሰነጥቀዋል። የቀለሙ ጨዋታ የሚመጣው በውስጡ በሥርዓት ከተደረደሩ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣቶች ሲሆን፣ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ወደየቀለሙ ይበተናል። የወሎው ኦፓል በዚህ ላይ ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውኃ ሲነካው ይጠጣል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፣ ቀለሙም ለጊዜው ይጠፋል።

በሥራ ላይ ይህ ማለት፣ በዘይት የሚቀዘቅዝ መጋዝ ፈጽሞ አይነካውም ማለት ነው፤ የጠጣው ዘይት ቢጫ አድርጎ ያስቀረዋል። የሚቀዘቅዝበት ውኃም ንጹሕና ቀለም የሌለው ይሁን፤ አስቀድሞ ቀይ ኢያስጲድ የተቆረጠበት ገንዳ ውኃ ነጭ ኦፓልን ሊያቀላው ይችላል። ደረጃው በ80 ሳይሆን በ600 ወይም ከዚያ በደቀቀው ይጀመር፤ ድንጋዩን በዱላ ላይ ለማጣበቅም የጋለ ሰም ከመጠቀም ሳይሞቅ የሚይዝ ማጣበቂያ ይመረጣል። በሥራው መካከል ውኃ ጠጥቶ መስታወት ቢመስልና ቀለሙ ቢጠፋ አይደንግጡ፤ ቀለሙ የተሻለበትን ገጽ ከመጀመርዎ በፊት በፎቶና በእርሳስ ምልክት ይያዙት፤ በሥራ ላይ ሳለ ሊያዩት አይችሉምና። ሲያልቅ ከፀሐይና ከምድጃ አርቀው፣ በጨርቅ ሸፍነው፣ በክፍል ሙቀት ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዉት፤ እንደ መጠኑ ቀናት ወይም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

የኦፓል ቀለበቴ ውኃ ነክቶት ደበዘዘ፤ ተበላሽቷል?

ንጹሕ ውኃ ብቻ ከሆነ አልተበላሸም፤ ጣትዎ ላይ ሳያደርጉት ጥላ ቦታ ቢያቆዩት ቀለሙ ይመለሳል። ለማፋጠን ብለው በፀጉር ማድረቂያ ወይም በፀሐይ አያሙቁት። ሳሙና፣ ቅባት፣ ሽቶና የወጥ ዘይት ግን ከውኃ ጋር ገብተው ስለሚቀሩ ቀለበቱ ከማጀትና ከመታጠቢያ ቤት በፊት ይውለቅ። ሽታና ማቅለሚያ ባላቸው ነገሮች አቅራቢያም አያስቀምጡት፤ ከገበያ ላይ የሚገዙት ጥቁር የወሎ ኦፓል ብዙው በጭስ ወይም በቀለም የጠቆረ መሆኑ ይህ ድንጋይ የነካውን ሁሉ ምን ያህል እንደሚጠጣ ያሳያል።